ጋሽ ውብሸት የታቀፉት ቆርቆሮ

የጋሽ ውብሸትን መሞት ያወቅኩት ከጤና ጣቢያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንብቤ ነው። «ባልደረባችን አቶ ውብሸት ለረጅም ዓመታት በትጋት፣ በታማኝነትና በታዛዥነት ሲያገለግሉን ቆይተው» ይላል። ታዛዥነት የምትለዋ ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ይኸው ሰሌዳ፣ ይኸው መስታወቱ የተሰነጠቀ ሰሌዳ፣ «የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ» የሚል የእሳቸውን ደብዳቤ ዘጠኝ ወር ሙሉ ተሸክሞ ከርሟል። ጥፋታቸው አለመታዘዝ ነበር። ፀሐይ ፊደሉን እስኪበላው ድረስ ማንም አላነሳውም። መስሪያ ቤታችን ሰው የሚወደው ከሞተ በኋላ ነው፤ የሞተ ሰው መልስ አይሰጥማ።

የሞቱት በልብ ሕመም ነው አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ከሆድ ጋር ሲጨቃጨቁ ኖረው ልብ ጣላቸው። እሳቸው ይህን ቢሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ማን አየው?» ብለው ነበር። ሳይታይ የተጻፈ ውጤት አይወዱም።

ጋሽ ውብሸት የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበሩ። ጂጂጋ ተወልደው ጂጂጋ ያረጁ ሰው ናቸው። አያታቸው ለስድስት ወር ግዳጅ መጥተው በዚያው የቀሩ ወታደር ስለነበሩ፣ አገርዎ የት ነው ለሚላቸው ሁሉ «እኛ እዚህ ለሥራ ጉዳይ ነው የመጣነው፤ እንዳለቀልን እንሄዳለን» ይሉ ነበር። ለአለቃ አማርኛ፣ ለእናቶች ሶማሊኛ ይናገራሉ። ቁጣቸውን በአማርኛ ጨርሰውት ነው መሰለኝ ሶማሊኛቸው ለስላሳ ነበር። እናቶቹ «ዶክተር ሰሐሮ» ይሏቸዋል፤ ሰሐሮ በሶማሊኛ ሰገራ ነው። ጋሽ ውብሸት «ዶክተር» የምትለዋን ሐሰት ነው ብለው ያርማሉ፤ ሌላዋን ግን አይነኳትም።

እኔ ነርስ ሆኜ ከናዝሬት ተመድቤ ስመጣ ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ላብራቶሪው በር ላይ የክብሪት ቀፎ የያዙ ሴቶች ተሰልፈው አየሁና ምን ሊያነዱ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ቀፎው ውስጥ ያለው የልጆቻቸው ሰገራ ነው። የናሙና ዕቃ ከተማ ውስጥ አልነበረም፤ ክብሪት ግን በየሱቁ ሞልቷል። ጋሽ ውብሸት ቀፎውን እንደ ወርቅ ሣጥን በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ። አንዴ አንዲት ሴት እንጨቶቹን ሳታራግፍ አምጥታላቸው፣ አንድ በአንድ ለቅመው አውጥተው «ክብሪትሽን ካሁን በኋላ ባትጭሪው ይሻላል» አሏት። እኛን ነርሶቹን ደግሞ «ክብርት» እያሉ ነው የሚጠሩን። ክብራችን ምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልነገሩንም።

በዚያን ዘመን ልጅን ተቅማጥ ያዘው ማለት አሜባ ያዘው ማለት ነበር። ከእሳቸው በፊት የነበረው ቴክኒሻን «አሜባ» የሚል ማኅተም አስቀርጾ ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ማይክሮስኮፑን ሳይነካ ሰልፉን በግማሽ ቀን ይጨርስ ስለነበር ለቅልጥፍናው ተመስግኗል። ጋሽ ውብሸት መጥተው ይህን ሥልጣኔ አጠፉት። መስኮት ስር ተቀምጠው የማይክሮስኮፑን መስታወት ወደ ፀሐይ ያዞሩና እያንዳንዷን ጠብታ ከዳር እስከ ዳር ያስሷታል። አሜባ ካላዩ «አላየሁም» ብለው ይጽፋሉ። በልጆቹ ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ይህንኑ ነበር። ከስሩም «ደምና መግል አለ፤ የባክቴሪያ ሥራ ይመስላል» ብለው ይጨምራሉ።

ይህ ትልቅ ቅሬታ አስነሳ። ሰው ከቀብሪበያ በሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ቀፎውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መጥቶ «አላየሁም» ይባላል እንዴ? ከመንገዱ ማዶ ያለው የግል ክሊኒክ እኮ አሜባውንም፣ ጃርዲያውንም፣ ታይፎይዱንም በአንድ ጠብታ ያያል። ኃላፊያችን፣ ከእኔ ሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው፣ ጤና መኮንን የሆነ ወጣት፣ ስብሰባ ጠርቶ ጋሽ ውብሸት ለምን የኅብረተሰቡን እርካታ እንደሚቀንሱ ጠየቃቸው። «ዘንድሮ አሜባ ያየሁት ሦስት ሰው ላይ ብቻ ነው» አሉት። እነማን እንደሆኑ ሲጠይቃቸው «ውጤት ለባለቤቱ ነው» አሉ። ኃላፊያችን ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ከሦስቱ አንዱ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ለሁላችንም ገባን።

«ውጤት ለባለቤቱ ነው» የምትለው ነገር የእሳቸው ሃይማኖት ነበረች። ወረቀቷን አራት አጥፈው ለእናትየዋ በእጇ ይሰጣሉ፤ ጎንበስ ብለው በሶማሊኛ በሹክሹክታ ያስረዷታል። አጎት ቢመጣ፣ የሰፈር ሽማግሌ ቢመጣ፣ አለቃ ቢመጣ አይነግሩም። ሰው ስለ ገዛ ልጁ ሆድ ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለበትም ይላሉ።

ባክቴሪያውን ለመለየት ግን ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ማሳደግ ደግሞ የጤና ጣቢያ ሥራ አይደለም፣ በጀትም የለውም። ሐረር አንድ ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ የድሮ ባልንጀራ ነበራቸው። እሱ ጊዜው ሊያልፍ የደረሰ የባክቴሪያ ምግብ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ይልክላቸዋል። ምግቡ ቀላ ያለ ነው፤ ክዳን ባላት ትንሽ ዝርግ ሳህን ላይ እንደ ጄሊ ይረጋል። ተቅማጡን ነካ አድርገው ቀብተው ሙቀት ውስጥ ሲያሳድሩት በማግስቱ ነጠብጣብ ያወጣል። አንጀት ውስጥ በሰላም የሚኖሩት ብዙዎቹ ሮዝ ይሆናሉ። እሳቸው የሚያሳድዷቸው ክፉዎቹ ግን ቀለም የላቸውም። «ዝም ብለህ ስታያቸው ምንም አይመስሉም፤ ለአለቅነት ይሆናሉ» ይሉ ነበር።

ማሞቂያው ከጣውላ ሣጥንና ከአንድ አምፖል የተሠራ ነው። መብራት ደግሞ በጂጂጋ እንግዳ ነበር፤ ይመጣል፣ ሻይ ሳይፈላለት ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ ጋሽ ውብሸት ሳህኖቹን በፕላስተር አሽገው አሮጌ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይደረድሩና፣ ቆርቆሮውን ሆዳቸው ላይ በሽርጥ ጠፍረው ጋዋናቸውን ይደርባሉ። ባክቴሪያው የለመደው የሰው ሆድ ሙቀት ነው፤ እሳቸውም ሙቀቱን ከውጭ በኩል ይሰጡታል ማለት ነው። እንደዚያ ሆነው ይሠራሉ፣ ሻይ ቤት ይቀመጣሉ፣ ቤታቸው ገብተው ያድራሉ። ሚስታቸው ከእኔ ይልቅ ቆርቆሮውን ነው የሚያቅፈው ብለው ለጎረቤት ስሞታ ነግረዋል። እኛ ደግሞ ግቢው ውስጥ ሆዳቸው ተነፍቶ ሲሄዱ ባየን ቁጥር «ጋሼ፣ መቼ ነው የሚፈለፈሉት?» እንላቸዋለን። «ነገ ከሰዓት» ይላሉ፣ ሳይስቁ።

አሁን የእኔን ክብር ልናገር። በዚያ በጋ ውሃ ጠፍቶ ነበር። በአህያ ጋሪ የሚመጣውን ጀሪካን እየገዛን ነው የምንሠራው። እኔ የኦአርኤስ ጥግ ኃላፊ ነበርኩ። ጥጉ ተቅማጥ የያዛቸው ልጆች ንጥረ ነገር የተበጠበጠበት ውሃ በማንኪያ እየተጎነጩ የሚውሉበት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ባልዲና አንድ ጆግ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ፎቶ ይነሳል። ሌሎቹ ነርሶች አንድ ጀሪካን በግማሽ ቀን ሲጨርሱ እኔ ሦስት ቀን አቆየው ነበር። ዘዴዬ ቀላል ነው፤ የምጠጣውን ውሃ አልነካም፣ ለእጅና ለኩባያ ግን ጠዋት አንድ ሳህን ውሃ እቀዳለሁ፣ ጥቂት በረኪና ጠብ አደርግበታለሁ፣ ከዚያ እስከ ማታ ሁሉንም እዚያው እለቃልቃለሁ። ኃላፊያችን በሁሉም ሠራተኛ ፊት «አርአያ የሆነች ውሃ ቆጣቢ» የሚል የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። በፍሬም አስገብቼ ከሳህኑ በላይ ሰቀልኩት። ጋሽ ውብሸት መጥተው አነበቡት፣ ሳህኑን አዩት፣ እንደገና ወረቀቱን አነበቡትና «እንኳን ደስ አለሽ፣ ክብርት አልማዝ» ብለው ሄዱ። ምስጋና መስሎኝ ነበር።

ሆዳን የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። የአሥር ወር ልጇን ኢፍራህን ታቅፋ ነበር። ልጅቷን የያዛት ቀጭን ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ነው፣ ብዙም አላደከማትም። ሆዳን ግን ዓይኗ አላረፈም። ከኢፍራህ በፊት የነበረውን ወንድ ልጇን ባለፈው ዓመት በዚሁ በሹባን፣ በተቅማጥ ማለቷ ነው፣ ቀብራለች። እኔ ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ልጅቷን በራሴ እጅ ማንኪያ በማንኪያ አጠጣኋት። በማግስቱ ተሻላት። በሦስተኛው ቀን ግን ትኩሳት ይዟት፣ ጨርቋ ላይ ደም ታይቶ ተመልሳ መጣች። ኃላፊያችን ሳያያት «አሜባ» ብሎ መድኃኒት ጻፈ። ሁለት ቀን ወሰደች፣ ደሙ ባሰ። የልጅቷ ዓይን ጎድጉዶ ጡት መሳብ ሲያቅታት ሆዳን ላብራቶሪ ገብታ የጋሽ ውብሸትን ጠረጴዛ በሁለት እጇ ያዘች።

«አዴር፣ አጎቴ፣ ይህችን አልቀብርም» አለቻቸው።

በዚያን ቀን አሾፉ ብዬ ልናገር ብፈልግ አልችልም። ምንም አላሾፉም። ቀፎውን ተቀብለው ቀቡ፣ መብራት አልነበረም፣ ቆርቆሮውን ሆዳቸው ላይ አስረው ከበሩ ሳይርቁ ዋሉ። በማግስቱ ቀይዋ ሳህን ቀለም በሌላቸው ነጠብጣቦች ተሞልታ ነበር። ወረቀቱ ላይ «አሜባ አይደለም፤ ሽጌላ የሚባለው ባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም» ብለው ጽፈው፣ ኃላፊያችን ፊት ሄደው ቆሙ። ኃላፊያችን እንዳላነበበ ሆኖ አነበበና፣ «እኔም መድኃኒቱን ልቀይረው እያሰብኩ ነበር» ብሎ ቀየረው። ኢፍራህ በሦስተኛው ቀን ጡት ሳበች። ናሙናውን ከላኩለት ከሐረሩ ወዳጃቸው «ሽጌላ ነው» የሚል ወረቀት የመጣው ግን ልጅቷ ከዳነች ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

እሳቸው ግን አልጨረሱም። በዚያው ሳምንት በቀጭን ተቅማጥ መጥተው፣ ከእኛ ወንበር ላይ ጠጥተው፣ በደም የተመለሱ፣ ኢፍራህን ጨምሮ፣ ሦስት ልጆች ነበሩ። ጋሽ ውብሸት ከባልዲው፣ ከጆጉና ከመታጠቢያ ሳህኔ ውሃ ወሰዱ። ቀጥሎ ሠራተኛውን ሁሉ አሰልፈው አምስት ጣታችንን ቀይ ሳህን ላይ እንድንጫን አዘዙ። ሳህኖቹ ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ በእሳቸው ኪስ ነው። መሐላ የቀረበልን ይመስል ሁሉም ወደ ኋላ አለ። መጀመሪያ የወጣችው የጽዳት ሠራተኛዋ ፋጡማ ናት። ከዚያ ሁላችንም ተጫንን። ኃላፊያችን ብቻ አስቸኳይ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ወጣ። ሲመለስ ጥፋተኛዋ ፋጡማ ለመሆኗ ጥርጥር የለውም፣ ሽንት ቤት የምታጥበው እሷ ናት አለ።

በማግስቱ ከሰዓት ስብሰባ ሆነ። ጋሽ ውብሸት ሳህኖቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። የፋጡማ ንጹሕ እንደነበረ የነገሩን እሷን ፈቃድ ጠይቀው ነው። ሴትየዋ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ትታጠባለች፣ ሽንት ቤት ከነካች ደግሞ በሳሙና፣ እንዴት አድርጎ ይበቅልባታል? ከእጅ ሳህኖቹ አንዱ ብቻ፣ አራት ቁጥር፣ ቀለም በሌለው ነጠብጣብ ተሞልቷል። ኃላፊያችን አራት ቁጥር ማን እንደሆነ እንዲናገሩ አዘዘ፤ ዛሬውኑ ከሥራ ይባረራል አለ።

«የመታጠቢያውም ሳህን እንደዚሁ አብቅሏል» አሉ ጋሽ ውብሸት። «ውሃ ቆጥቡ ያልነው እኛ ነን። ሳህኑን በምን እናባርረው?»

«እኔ የጠየቅኩት ስም ነው። ትእዛዝ ነው።»

«ውጤት ለባለቤቱ ነው። ባይሆን ጣታቸውን ያልሰጡትን ሰው ስም ልንገርዎ፤ እሳቸው አንድ ብቻ ናቸው።»

ማስጠንቀቂያው በማግስቱ ተለጠፈ።

ከስብሰባው በኋላ ጠሩኝና በሩን ዝጊው አሉኝ። አራት ቁጥርን እጄ ላይ አኖሩት። «ክብርት አልማዝ፣ ያንቺ ናቸው» አሉኝ። እጄን እኮ እታጠባለሁ አልኩ። የት ብለው ሲጠይቁኝ መልሱ ከአፌ ሳይወጣ ገባኝ። ሆዴን ያመመኝ ነገር እንደነበር ጠየቁኝ። ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲቆርጠኝ ሰንብቷል፤ አርአያ ሠራተኛ ሆኜ እንዴት ፈቃድ እጠይቃለሁ ብዬ ደብቄው ነበር። ሽጌላ ብዙ አይፈልግም፤ ጥፍር ስር የቀረችው ትበቃዋለች። ለልጆቹ ሕይወት ብዬ የሰጠሁት ማንኪያ ውስጥ ከሆዴ ያወጣሁትን አጉርሻቸዋለሁ። አለቀስኩ። ጋሽ ውብሸት እንዳለቅስ ትንሽ ተዉኝና፣ በምን እንደምጠርግ ግራ ሲገባኝ «በእጅሽ ብቻ አይሁን» አሉኝ።

መድኃኒቱን ስጨርስ ከባክቴሪያው ነጻ መሆኔ መታወቅ ነበረበት። እኔም በተራዬ፣ ለእናቶቹ ስንት ጊዜ ያዘዝኩትን የክብሪት ቀፎ ይዤ ከሰልፉ ኋላ ቆምኩ። ሴቶቹ አዩኝና ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ። መብራት አልነበረም። ጋሽ ውብሸት ቀብተው፣ አሽገው፣ ቆርቆሮውን ከነሽርጡ ሰጡኝና «የራስሽን ራስሽ ታቀፊ» አሉኝ። ታቀፍኩ። ቆርቆሮ ሆድ ላይ ሲያድር እንዴት እንደሚቆረቁር የማያውቅ ሰው ስለ ተቅማጥ ባያስተምር ጥሩ ነው። በማግስቱ ከሰዓት ስንከፍተው ሮዝ ብቻ ነበር።

የምስክር ወረቀቱን ከነፍሬሙ አውርጄ ሰባበርኩት። ቧንቧ ያላት ባልዲ ተሠራች፣ ሳሙና በገመድ አንጠለጠልኩ፤ ጀሪካኑ እንደ ሌሎቹ በግማሽ ቀን ያልቅ ጀመር። ሆዳን ከወንበሩ ፊት ለፊት ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አራት ቀን ሙሉ ሳትነቃነቅ ተቀምጣ እኔን ታየኝ ነበር። ልጄን ያዳነች ነርስ ብላ ነው ብዬ ልቤ እየተነካ፣ አፍሬም እየተሸማቀቅኩ እሠራ ነበር። በአምስተኛው ቀን ተነሥታ ኢፍራህን እንዳጠጣት ሰጠችኝ። ከቀሩት ሁለት ልጆች አንዱ ዳነ። ሌላው፣ ከጉናጋዶ የመጣው ወንድ ልጅ፣ እናቱ ደሙን እንዳየች ይዛው ሄደች። ይዳን አይዳን እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ስጽፍ መቀለድ አልቻልኩም።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ደብዳቤውን የለጠፉት የመስሪያ ቤታችን ሰዎች የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው «እንደ እሳቸው ያለ ታዛዥ» እያሉ ይተክዛሉ። ከኋላ በኩል እናቶቹ ተሰብስበዋል፤ ዶክተር ሰሐሮን ሊቀብሩ ከቀብሪበያ ድረስ የመጡ አሉ። ሆዳን አየችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። የመጨረሻ ልጇን፣ ገና ጥርስ ያላወጣ ሕፃን፣ ታቅፋለች። ከኋላዋ የቆመችው ቀጭን ረጅም ልጅ ኢፍራህ ናት፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ሆዳን እጄን ይዛ ለልጅቷ፣ በዚህ እጅ ነው ያጠጣችሽ አለቻት።

እሳቸው ሞተዋል፣ ምስጢሩ ከእሳቸው ጋር ይቀበር ብዬ ዝም ማለት እችል ነበር። አልቻልኩም። እጄን ለቀቅ አድርጌ፣ ኢፍራህን ያሳመማት ከእኔ እጅ የሄደ ነገር እንደነበር ነገርኳት። ሆዳን ፊቷ አልተለወጠም።

«አውቃለሁ» አለች። «ያኔውኑ ነግሮኛል። የልጅሽ ውጤት ነው፣ ላንቺ ይነገራል አለኝ። ወላሂ ልገድልሽ ነበር።»

ታዲያ ለምን ተመልሰሽ ልጅሽን ሰጠሽኝ አልኳት።

«ሂጂና እጇን እይ አለኝ። ስትታጠብ ካየሽ ስጫት፣ ካልታጠበች ወደ ቤትሽ ውሰጃት አለኝ። አራት ቀን ቁጭ ብዬ አየሁ።»

ይህን ብላ የጋሽ ውብሸትን ሚስት ልታቅፍ ተነሣች። ሕፃኑን ልትሰጠኝ እጇን ዘረጋችና መሃል ላይ አቆመችው።

«ታጥበሻል?» አለችኝ።

ከድንኳኑ ምሰሶ ስር ለእንግዳ የተቀመጠ ጀሪካንና ሳሙና ነበር። ተነሥቼ ሄድኩ። ውሃውን ሳልቆጥብ፣ በሳሙና፣ በጣቶቼ መሃል፣ በጥፍሬ ስር ታጠብኩ። ሆዳን ልጇን እንደያዘች ቆማ እስክጨርስ ድረስ አየችኝ። ከዚያ ሰጠችኝ።